የሹፌሩ ቀኝ እግር

«ለዚህ ቤት ነዋሪዎች በሙሉ! ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ የፍሪጁ የታችኛው መደርደሪያ ከቲማቲምና ከሽንኩርት አገዛዝ ነፃ ወጥቶ በሳይንስ ሥር የተጠቃለለ መሆኑን የምንገልጸው በታላቅ አክብሮት ነው። በመደርደሪያው ላይ ያለው ጠርሙስ አይነካም፣ አይከፈትም፣ አይሸተትም፣ አይቀመስም። ይህን ተላልፎ የተገኘ ወዮለት!»

አዋጁ የተጻፈው በቀይ እስክሪብቶ፣ የተለጠፈው በቁስል ፕላስተር ነበር። ያወጀው ትንሹ ነው። ትንሹ የተባለው ከወንድሙ ስለሚያንስ እንጂ ሠላሳውን ካለፈ፣ ጸጉሩም ከግንባሩ ማፈግፈግ ከጀመረ ሰነባብቷል። ዩኒቨርሲቲው «ዶክተር» ብሎ ሾሞታል፤ ሰፈሩ ግን መርፌ የማይወጋ፣ ደረት የማያዳምጥ፣ ለራስ ምታት እንኳ ክኒን የማያዝ ዶክተር ምን እንደሚሠራ ግራ ገብቶት ከረመና አንድ ቀን ከሆስፒታሉ ጀርባ ጣሳ በገመድ ወደ ፍሳሽ ጉድጓድ ሲያወርድ ስላየው «የፍሳሹ ዶክተር» ብሎ ነገሩን ዘጋው። አዋጁን ድምፁን እንደ ዜና አንባቢ ጎርነን አድርጎ ያነበበው ደግሞ ትልቁ ነው። ትልቁ ዋናው መንገድ ላይ መድኃኒት ቤት አለው። ሱቁን ከመክፈቱ በፊት በየጠዋቱ በአባቱ ቤት ብቅ ይላል፤ ቆሞ ሻይ ይጠጣል፤ ሳይቀመጥ ይወጣል።

«እታለም፣ ሰማሽ? ቲማቲምሽ ከሥልጣን ወርዷል» አለ ወደ ምድጃው ዞሮ።

እታለም የአባታቸው ታላቅ እህት ናት። እናታቸው ካለፈች ወዲህ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት፤ አያያዟም እንደ ዋዛ አይደለም። ወለሉ ሁለቴ ይታጠባል፣ የቁስሉ ጨርቅ ይቀቀላል፣ ከውጭ የገባ ሰው ሳሙና ሳይነካ ወንበር አይነካም። በዚያች ጠባብ ማዕድ ቤት ውስጥ ዝንብ ብትገባ እንኳ እጇን ታጥባ ነው የምትወጣው ይባላል።

«ምንድን ነው ጠርሙሱ ውስጥ ያለው?» አለች።

«ባክቴሪያ የሚበሉ ቫይረሶች» አለ ትንሹ፣ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ።

«ቫይረስ? ከምንበላው ጋር?»

«ሰው አይነኩም እታለም። የአባዬን እግር የያዘውን ባክቴሪያ ብቻ ነው የሚበሉት። ድመትና አይጥ በይው።»

«ድመትም እኮ ወተት ትልሳለች።»

«እሱን ተይውና ከየት እንዳመጣቸው ጠይቂው» አለ ትልቁ። ትንሹ ሻዩን ፉት አለ፤ ትልቁ ግን ያገኛትን ጨዋታ የሚለቅ ሰው አይደለም። «ከሆስፒታሉ ፍሳሽ ነው! በጣሳ ቀድቶ! አባዬ እግር ላይ ሊያፈስበት!»

እታለም ማንኪያዋን አስቀመጠች። ትንሹ እንደገና ጀመረ። ባክቴሪያው በበዛበት ቦታ በሊታው ይበዛል፤ የሆስፒታል ፍሳሽ ደግሞ የክፉ ባክቴሪያ ሁሉ ጉባኤ ነው፤ ስለዚህ በሊታውን የሚፈልግ ሰው ሽቶ ቤት አይሄድም። ደግሞስ ፍሳሹ እንዳለ መች ቀረ? ተጣርቷል፣ ታጥቧል፣ ከአባቱ ቁስል በተወሰደው ባክቴሪያ ላይ ተሞክሯል። በመስታወት ሳህን ላይ እንደ ጉም የተኛው ባክቴሪያ ጠብታው ባረፈበት ሁሉ እንደ ጠራ ሰማይ ወለል ሲል በዓይኑ አይቷል። ያን ቀን ላቦራቶሪ ውስጥ ብቻውን ጮኋል፤ ዘበኛው እሳት የተነሳ መስሎት ሮጦ መጥቷል። «ተጣርቶ ተጣርቶ እኔ ራሴ ብጠጣው ምንም አይለኝ» ብሎ ዘጋ።

«ታዲያ ጠጣው!» አለ ትልቁ፣ የሻዩን ብርጭቆ አስቀምጦ እየወጣ።

እታለም አልሳቀችም። ፍሪጁን አየችው። ትንሹ ያቺን አስተያየት ቢያስተውላት ኖሮ ቀኑ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር፤ ግን ጫማውን እያሠረ ነበር።

ሹፌሩ፣ አባታቸው፣ ሳሎን ውስጥ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ አሁን መስኮቱ ሥር በተዘረጋ የሽቦ አልጋ ላይ ተኝቶ በመንገዱ የሚያልፈውን ሁሉ በጆሮው ይነዳል። ማን ፍሬን እንደሚፈጅ፣ ማን ዳገቱን በተሳሳተ ማርሽ እንደጀመረ፣ የትኛው ሞተር ዘይት እንደጠማው ከትራሱ ሳይነሳ ያውቃል። የማያውቀው፣ ወይም ማወቅ ያልፈለገው፣ አንሶላው ሥር ያለውን ቀኝ እግሩን ነው። ስኳር በሽታና አዲስ ጫማ ተባብረው ተረከዙ ላይ ውሃ ቋጠሩ፤ ውሃው ፈነዳ፤ የፈነዳው አልድን አለ፤ ያልዳነው ሰፋ። ክኒን ተሰጠው፤ እምቢ። ከክኒን ወደ መርፌ፣ ከመርፌ የቤት ኪራይ ወደሚያክል መርፌ ተሻገረ፤ እምቢ። እግሩ ውስጥ የሰፈረው ባክቴሪያ የተላከለትን ሁሉ እንደ ስንቅ እየተቀበለ ይፋፋ ጀመር። በዚያ ቤት «መቆረጥ» የሚለውን ቃል የሚጠራ የለም። «የነገው ነገር» ነው የሚሉት። እታለም «ለነገው ነገር ፎጣ ታጥቧል» ትላለች፤ ትልቁ «የነገውን ነገር ሱቅ ዘግቼ እመጣለሁ» ይላል፤ ሹፌሩ ደግሞ ይህን ሲሰማ ወደ መስኮቱ ዞሮ አንድ አውቶቡስ ይሰድባል።

ለነገ ጠዋት አልጋ ተገኝቷል። ሆስፒታሉ ሰውዬው ተኝቶ ይታከም ሲባል አልጋ የለም እያለ ከርሞ፣ ልክ እግሩ ይቆረጥ ሲባል አልጋ አገኘ። ለመዳን አልጋ የለም፤ ለመቆረጥ ግን አንሶላው ሳይቀር ተነጥፏል። ቀዶ ሐኪሙ፣ ፕሮፌሰር የሚሉት፣ ትንሹ በየኮሪደሩ እየተከተለ ሲለማመጠው ጊዜ አንዲት ቀዳዳ ትቶለታል። የሆስፒታሉ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ዛሬ ከፈቀደና ያ ጠርሙስ ዛሬውኑ ቁስሉ ላይ ከዋለ ጥቂት ቀን ይጠብቃል። ዛሬ ካልተጀመረ ነገ ጠዋት ይቆርጣል። ጠርሙሱም ቤት የገባው በምርጫ አይደለም። የላቦራቶሪው ፍሪጅ ከሞተ ሰንብቷል፤ ጥገናው «በሂደት ላይ» ነው፤ ጄነሬተሩ የዲኑን ቢሮ ሻይ ማፍያ ለማገልገል ተመድቧል። የቀረው የበሊታው ዘር ከጎረቤት ክፍል በረዶ ቤት ውስጥ በልመና በተገኘች ጥግ ተቀምጧል።

«ወጣሁ አባዬ» አለ ትንሹ።

«እነዚያ ትሎችህ» አለ ሹፌሩ፣ ዓይኑን ከመስኮቱ ሳያነሳ፣ «ሥራቸውን ሲጨርሱ የት ይሄዳሉ?»

«ትል አይደሉም። የሚበሉት ሲያልቅ እነሱም ያልቃሉ። መስመራቸው አንድ ነው፤ ከመስመራቸው ውጭ አይነዱም።»

«ከመስመሩ የማይወጣ ሹፌር በዘመኔ አላየሁም» አለ አባትየው። ትንሹ በሩን ይዞ ትንሽ ቆመ። ሌላ የሚባል ነገር ነበር፤ ሁለቱም ያውቁታል፤ የሚለው ጠፋ እንጂ። ውጭ አንድ አውቶቡስ እያቃሰተ ዳገቱን ወጣ።

የሥነ ምግባር ኮሚቴው የሚሰበሰበው ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከረጅሙ ጠረጴዛ የሚተርፍ ቦታ በሌለው ክፍል ነው። መሐሉ ላይ አቧራ የጠገበ የፕላስቲክ አበባ አለ፤ በየሰው ፊት የታሸገ ውሃ አለ፤ ግድግዳው ላይ «ታካሚ ይቀድማል» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ከጽሑፉ ሥር የቆመ ሰዓት አለ። ትንሹ ጠዋት ደርሶ ኮሪደር ላይ ተቀመጠ። መጀመሪያ ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም ተባለ፤ ሲሞላ ሰብሳቢዋ ስልክ ላይ ነበሩ፤ ስልኩ ሲያልቅ የሻይ ሰዓት ደረሰ። ከሻይ በኋላ ከእሱ በፊት የተያዘ አጀንዳ አለ ተባለ፤ አጀንዳው የኮሚቴው አባላት የመኪና ማቆሚያ ነበር። በዚህም ላይ በሰፊው ተወያዩ። ሲጠራ ፀሐይ በመስኮቱ ዞራ ወንበሩ ላይ ደርሳ ነበር።

«በአጭሩ ንገረን» አሉ ሰብሳቢዋ፣ በሰንሰለት አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለውን መነጽር አፍንጫቸው ላይ እያስቀመጡ። «በሽተኛ ሰው ላይ ቫይረስ ልጨምር ነው የምትለው?»

«ሰው የሚይዝ ቫይረስ አይደለም። ባክቴሪያ የሚይዝ ነው። እሾህን በእሾህ እንደሚባለው…»

«እሾህ ያልከው እኮ ሰው ይወጋል» አለ የሕግ አማካሪው።

ትንሹ እሾሁን ጣለና ቁልፍ አነሳ። እያንዳንዱ ቫይረስ አንድ ቁልፍ እንደሆነ፣ የሚከፍተውም አንድ ዓይነት በር ብቻ እንደሆነ፣ የሰው ገላ ላይ ያ በር እንደሌለ ተናገረ። የሕግ አማካሪው ይህንን ጽፎ ያዘና ቁልፉ ቢጠፋ ማን ይጠየቃል አለ። ከዚያ ሌላ ነገር አገኘ።

«የጥቅም ግጭትም አለበት። ታካሚው አባቱ ናቸው።»

«ጥቅሙ ምንድን ነው?» አሉ ሰብሳቢዋ።

አማካሪው ወረቀቱን አገላበጠ። «እግር» አለ።

የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። እሱን ያሳሰበው እግሩም ቫይረሱም አልነበረም። «እዚህ ላይ ከሆስፒታሉ ፍሳሽ የተገኘ ይላል። ይህ ይውጣልን። ሆስፒታላችን ፍሳሹን አክሞ ነው የሚለቀው። በእኛ ፍሳሽ ውስጥ ባክቴሪያም ቫይረስም የለም።»

«እኔ እኮ ያገኘሁት እዚያው ነው።»

«ቢሆንም የለም።»

ትንሹ በዚያች ቅጽበት ጠረጴዛውን ገልብጦ መውጣት አማረው። ጠረጴዛው ግን ከባድ ነበር፤ አባቱ ደግሞ ነገ ጠዋት አልጋ አለው። ስለዚህ ሰው በልመና ጊዜ የሚያወጣትን ያቺን ፈገግታ አወጣና «ምን ተብሎ ይጻፍ?» አለ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀለለ። የማይስማሙት በእግሩ ላይ ሳይሆን በቃላቱ ላይ ነበርና ቃላቱን አሳልፎ ሰጣቸው። ፍሳሹ «የአካባቢ ውሃ» ሆነ። ቫይረሱ «ጠቃሚ ረቂቅ ሕያው ነገር» ተባለ። መብላቱም ከበድ አለባቸው፤ «ማመጣጠን» ብለው ጻፉት። ጥግ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ አባል በዚህ ጊዜ ነቅተው «እኔ ከመጀመሪያውም አልተቃወምኩም» አሉና ፈረሙ። ሰብሳቢዋም ፈረሙ፤ እየፈረሙም «እግዜር ይማርልህ፤ ግን ካልሠራ እኛ የለንበትም» አሉት። ከሠራም እንዳሉበት ፊታቸው ይናገር ነበር።

ፕሮፌሰሩን ያገኘው ከቀዶ ክፍሉ በር ላይ፣ አረንጓዴ ልብሱን እንደለበሰ ቆሞ ዳቦ ሲገምጥ ነው። ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበና ቅንድቡን አነሳ።

«ጠቃሚ ረቂቅ ሕያው ነገር። እርጎ ነው እንዴ የምትቀባቸው?»

«ያው ነው ፕሮፌሰር። እንደዚያ ካልተባለ አይፈረምም አሉ።»

«ስማ» አለ ፕሮፌሰሩ፣ ዳቦውን እየዋጠ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የደከመው ሰው ነበር። «እኔ የማውቀው መቁረጥ ነው። ስቆርጥ ሰው ይድናል፤ ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ። ያንተን ደግሞ በሳህን ላይ ነው ያየሁት። ሳህን ትኩሳት አይዘውም። መርዙ ወደ ደም ከወጣ የምናወራው ስለ እግር አይሆንም። ሲስተር አብራህ ትሂድ፤ በዓይኗ ፊት ይፍሰስ፤ ትደውልልኝ። ካልደወለች ነገ ጠዋት እጠብቃቸዋለሁ። አልጋዋን ለሌላ ብሰጣት መቼ እንደምትመለስ አላውቅም።»

ሲስተር ጠና ያለች፣ ተረኛነቷን ጨርሳ ወደ ቤቷ ልትሄድ ስትል የተያዘች ሴት ናት። ታክሲ ውስጥ ከኋላ ወንበር ተጣበው ተቀመጡ። ትንሹ ከልማዱ የተነሳ ማስረዳት ጀመረ፤ ስለ ድመቱ፣ ስለ ቁልፉ፣ ስለ መስመሩ። ሲስተር አዳመጠችውና «እኔን ተወኝ ወንድሜ፣ አፍስሺ ስትለኝ አፈሳለሁ። ይልቅ ይሄ የጫማዬ ተረከዝ ቤት ሳያደርሰኝ ሊነቀል ነው» አለችው። ቀኑን ሙሉ ካነጋገረው ሰው ሁሉ ያልጠየቀችው እሷ ብቻ ስለሆነች ሊያቅፋት ምንም አልቀረውም። መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ረዳቱ ከአንዲት ሴትዮ ጋር ስለ መልስ ይጨቃጨቃል፤ የታክሲው ሾፌር ጥሩምባውን ይዞ ይጮኻል፤ ትንሹ መስኮቱን እያየ በልቡ ጠርሙሱን ይከፍታል፣ በመርፌ ይስባል፣ ቁስሉ ላይ ጠብ ጠብ ያደርጋል፣ በሦስተኛው ቀን ከቁስሉ ጠርዝ ላይ ንጹህ ሥጋ ብቅ ሲል ያያል። ትንሹ ከስንት ጊዜ በኋላ ተስፋ አደረገ። ተስፋ ደግሞ ብልጥ ነገር ነው፤ ሰውን ከፍ አድርጎ ነው የሚጥለው።

ቤት ሲገቡ እታለም በሩ ላይ ነበረች። የውሃውን ማንቆርቆሪያና ሳሙናውን ለሲስተር ይዛ ቆማለች። ሲስተር እጇን ታጥባ «የጽዳቱ ነገር ግን! እኛ ዋርድ ቢያዩዎት» ስትላት እታለም ፊቷ በራ። ሳሎን ገቡ። ከሹፌሩ አልጋ አጠገብ በርጩማ ላይ ነጭ ፎጣ ተነጥፏል፤ በፎጣው ላይ ጠርሙሱ እንደ ሕፃን ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

«ከፍሪጅ ማን አወጣው?» አለ ትንሹ።

«እኔ ነኛ! ሁሉን አዘጋጅቼ ነው የጠበቅኋችሁ።»

ፎጣውን ገለጠና ጠርሙሱን ያዘው። ሞቀው። እጁ ውስጥ ለብ ያለ፣ የሚያረጋጋ፣ ክረምት ላይ ቢይዙት ደስ የሚል ሙቀት ነበረው። ትንሹ ጠርሙሱን ይዞ ቀስ ብሎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እታለም፣ ምን አደረግሽው?»

«አፈላሁት እንጂ ምን አደርገዋለሁ! ክዳኑን ላላ አድርጌ፣ ድስት ውስጥ አቁሜ፣ እስኪንተከተክ። ከዚያም እንደገና ደገምኩት። የፍሳሽ ውሃ ነው ሲለኝ ወንድምህ፣ ወንድሜ እግር ላይ እንዲህ እንዳለ ሊፈስ? እኔ ቆሜ?»

«አይነካም ብዬ ጽፌ ነበር!»

«አልነካሁትም። በጨርቅ ነው የያዝኩት። አልከፈትኩም፣ ላላ ነው ያደረግኩት። አላሸተትኩም፣ አልቀመስኩም። አይፈላም የሚል ደግሞ የለም፤ ሄደህ አንብበው።»

ሲስተር ከአንዱ ወደ አንዱ አየች። «ታዲያ ንጹህ ሆነ ማለት አይደል?» አለች።

«ሞቱ» አለ ትንሹ። ድምፁ ከሆነ ጉድጓድ ውስጥ የመጣ ይመስል ነበር። «የሚሠሩት በሕይወት ካሉ ነው። አሁን ይሄ ባዶ ውሃ ነው።»

«ቫይረስ ነው አላልክም?» አለች እታለም። መቆጣት ጀምራለች፤ ቁጣዋ ግን ጫፉ ላይ ፍርሃት ነበረው። «ያ ወረርሽኝ የመጣ ጊዜ ጨርቁን ቀቅሉ፣ ውሃውን አፍሉ፣ ቫይረስ ሙቀት አይችልም እያልክ ጠዋት ማታ የሰበክኸኝ አንተ አይደለህም? የእጅ አስተጣጠቡን እንኳ እየቆጠርክ ነው ያስተማርከኝ። ያስተማርከኝን ሠራሁ።»

«ያኛው መጥፎው ነው። ይሄኛው ጥሩው…»

«ጥሩውንና መጥፎውን በምን ልለየው? በዓይን አይታይ፣ ስም አልለጠፍክበት!»

ትንሹ መልስ ፈለገ። ድመቱ መጣ፣ ሄደ። እሾሁ፣ ቁልፉ፣ መስመሩ ሁሉም ተሰልፈው መጡና አንዱም አልረባውም። ሴትዮዋ ልክ ነበረች፤ ልክነቷ ነበር የሚያንገበግበው። ቀኑን ሙሉ ለማይመለከታቸው ሲያስረዳ ውሎ ጠርሙሱ አጠገብ ለምትውለው ሰው በድመት ቀልድ ነበር ያለፋት። እታለምም ፊቱን እያየች ቀስ በቀስ ገባት። በርጩማውን ስባ ተቀመጠች፤ የሻርፗን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች።

በዚህ መሐል ትልቁ ገባ፤ ሱቁን ቀደም ብሎ ዘግቶ፣ የፕላስቲክ ከረጢት አንጠልጥሎ። ሰዎቹን አየ፣ ጠርሙሱን አየ፣ ሲስተር በጆሮው ነገረችው። እየሳቀ የወጣባት የጠዋቷ ቀልድ ፊቱ ላይ ተመልሳ መጣችበት፤ እሷን ለመሸፈን ነው መሰል ወዲያው ከረጢቱን ፈታ።

«አይዟችሁ። አዲስ የገባ እንክብል አምጥቻለሁ። ከሁሉም የመጨረሻው ነው፤ የማይገድለው ነገር የለም።»

«በቃ!» አለ ትንሹ። ተነስቶ ቆመ። «በቃ ተወኝ። ለዚህ ሁሉ ያበቃን የአንተ እንክብል ነው። አባዬ ባስነጠሰ ቁጥር ሁለት ፍሬ፣ በሳለ ቁጥር ሦስት ፍሬ። ለሰፈሩ ሁሉ እሽጉን በመቀስ እየቆረጥክ ሁለት ሁለት ፍሬ! ባክቴሪያውን ሳትገድል እያሠለጠንከው ኖርክ። አባዬ እግር ውስጥ ያለው ያንተ ምሩቅ ነው!»

ይህ ነገር ስንት ወር በሆዱ የከረመ ነበር። ሲወጣ ግን እንዳሰበው አላቀለለውም። ትልቁ ከረጢቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ሰው የሚችለውን ነው የሚገዛው» አለ በቀስታ። «ሙሉውን ካልገዛህ አልሸጥልህም ብዬ መልሻቸው ነበር መጀመሪያ። እየሄዱ ከሌላ ይገዛሉ። ላንተ ፍሳሽ መንግሥት ደሞዝ ይከፍልሃል። ለአባዬ የሰጠሁት ግን… ለአባዬ የሰጠሁት እንዲሻለው ነው።»

ሹፌሩ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ ነበር። በመንገዱ ሁለት አውቶቡስ ተከታትለው አለፉ፤ አንዳቸውንም አልሰደበም።

«ሌላ የለህም?» አለች ሲስተር ትንሹን።

«ዘሩ አለ፤ በረዶ ውስጥ። ማባዛት፣ ማጣራት፣ ማጠብ አለብኝ። ሌት ተቀን ብሠራ ሦስት ቀን።»

«ሦስት ቀን!» አለች ሲስተር። ይህን ስትል ስልኳ ጮኸ። ፕሮፌሰሩ ነበር። ሳሎኑ ጠባብ፣ የስልኩ ድምፅ ወፍራም ስለነበር ሁሉም ሰማው።

«ፈሰሰ?»

«አልፈሰሰም ፕሮፌሰር።»

«ለምን?»

ሲስተር ስልኩን ለትንሹ ሰጠችው። ትንሹ ጆሮው ላይ አደረገና አፉን ከፈተ። ፊት ለፊቱ እታለም በርጩማዋ ላይ አጎንብሳ ተቀምጣለች፤ የታጠቡ፣ በሳሙና የተላጡ እጆቿ ጭኗ ላይ ወድቀዋል። አክስቴ አፈላችው ቢል ነገ ጠዋት የሆስፒታሉ ኮሪደር ሁሉ የሚስቅበት ተረት ትሆናለች፤ ያልተማረች ሴት ተብላ፣ ሰው ፊት። ፍሪጅ ተበላሸ ቢል ውሸት ነው፤ ፕሮፌሰሩም ሲስተርን ቤት ድረስ መላክ አልነበረብኝም ይላል። በዚያ ላይ ደግሞ የሚሻለው የትኛው እንደሆነ ራሱም እርግጠኛ አልነበረም። ሦስት ቀን ቢለምን፣ በሦስቱ ቀን መርዙ ወደ ደም ቢወጣስ? «ፕሮፌሰር፣ ነገሩ እንዴት መሰለዎት…» ብሎ ጀመረ። ድመት፣ ቁልፍ፣ እሾህ።

«ወዲህ በለው» አለ ሹፌሩ።

እጁን ዘርግቶ ነበር። ትንሹ ስልኩን ሰጠው። ሹፌሩ ክርኑን ተደግፎ ቀና አለ፤ እንዲህ ቀና ብሎ ከተቀመጠ ቆይቷል።

«ሐኪም፣ እንዴት ዋሉ። እኔ ነኝ፤ ባለ እግሩ። ነገ አልመጣም።»

ከወዲያ በኩል ፕሮፌሰሩ ቀስ አድርጎ፣ ለልጅ እንደሚነገር፣ ሁሉንም ተናገረ። መርዙን ተናገረ፣ ደሙን ተናገረ፣ አልጋዋን ተናገረ። ነገ የሚቆረጠው ከጉልበት በታች እንደሆነ፣ ዘግይቶ የሚቆረጠው ከዚያ በላይ ሊሆን እንደሚችል፣ ወይም ጭራሽ መቁረጥ ላያስፈልግ እንደሚችል፤ ይህ የመጨረሻው ደግሞ መልካም ዜና እንዳልሆነ ተናገረ። እታለም ሻርፗን ነክሳ ያዘች። ትልቁ መሬት መሬት ያይ ነበር። ሹፌሩ ሳያቋርጥ ሰማና ሲያልቅ «ገብቶኛል» አለ። «ትኩሳት ከጀመረኝ ራሴ እመጣለሁ። ካልጀመረኝ በአራተኛው ቀን እመጣለሁ። አልጋዋን ለሚቸኩል ስጧት።»

«ጠዋት ተስማምተው አልነበር እንዴ? አሁን ምን ተገኘ? ልጅዎ ነው ያሳመነዎት?»

«ልጄ ቃል አልተናገረም።»

«ታዲያ ምክንያትዎ ምንድን ነው?»

ሹፌሩ ጥፋቱን ሁሉ በራሷ ላይ ጭና የተቀመጠችውን እህቱን አየ። ከዚያ ትልቁን፣ ከዚያ በእጁ ለብ ያለ ጠርሙስ ይዞ የቆመውን ትንሹን። ስልኩን ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ምክንያት አለኝ» አለ። «አልናገርም።»